ከሜሊዳ ማሳ የመጡ ቅጠሎች

ኦጄታይ፣ ሶሮቲ
ጃንዋሪ 14 ቀን 2010

ለወንድሜ ልጅ ለኤሳቡ፤

ሰላምታዬ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ይድረስህ። የአባትህ አምላክ በሰው አገር ከፍ ከፍ ያድርግህ፤ አንገትህን ግን አያደንድነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሰማዩ ቀድሞ ይነግረኛል።

ያዘዝከኝን የካሳቫ ቅጠል ይኸው። እንዳልከኝ በአሮጌ ጋዜጣ መሀል አድርጌ ጥላ ውስጥ አደረቅኩት። ሠላሳ ቅጠል ነው። ሹፌሩ ኦሞዲንግ ጥቅሉን ፈትቶ አየና «እማማ፣ ናይሮቢ ጎመን ጠፋ እንዴ?» አለኝ። «የወንድሜ ልጅ እዚያ ሄዶ ፍየል ሆኗል» አልኩት። እስካሁን ሳይስቅ አይቀርም።

ሳቁ እዚህ ላይ ይብቃ። ኦጄታይ ልትራብ ነው። ካሳቫው ላዩን ብታየው ለሰርግ የለበሰ ይመስላል፤ ስትቆፍረው ግን ሥሩ ውስጡ ቡናማ ሆኖ ደርቋል፣ ልክ እንደ ጠርሙስ ቡሽ። አሳማ እንኳ አሽትቶት ይሄዳል። ጎረቤቴ ኤጉንዩ፣ ያ አፉ የማያርፈው፣ ሙሉ ማሳውን ገልብጦ የሚበላ ያገኘው ሁለት ቅርጫት ነው። የዚያን ቀን አፉ አርፎ ዋለ። ልጄ አሞንግ ካቴታ በሚባለው መንደር ባሏ ዘንድ ያላት ማሳም ግማሹ ሄዷል። አራት ልጆች በቀረው ግማሽ ላይ ተንጠልጥለዋል።

የቆመው የእኔ ብቻ ነው። በጦርነቱ ከተሰደድንበት ካምፕ ስንመለስ በተቃጠለው ቤቴ ጀርባ ለብቻው ጫካ ሆኖ ያገኘሁት ያ አሮጌው መራራ ዘር። ተልጦ፣ ሦስት ቀን ተከምሮ ተሸፍኖ፣ ከዚያም ፀሐይ ካልመታው መርዝ ነው፤ ግን አይበሰብስም። ሰው ሁሉ ለማርቹ ዝናብ የሚተክለው ግንድ ስጪን እያለኝ ነው። ልስጥ? የተማርከው አንተ ነህ። ስጪ ካልከኝ እሰጣለሁ፤ ቆዪ ካልከኝ እቆያለሁ። ሌላውን ተወውና ይህን ብቻ መልስልኝ።

አክስትህ ሜሊዳ አጂሎንግ


ናይሮቢ
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2010

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ፤

ጤናዎን፣ ደጅዎንና ማሳዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያጎረሰኝ እጅዎ አይዛልብኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ፍየሉ ቅጠሉን ተቀብሏል። እዚህ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ «የአክስትህ ካሳቫ እንዴት ሆነ?» ይሉኛል። ምን እንደምሠራ እርስዎም ባለፈው ስንገናኝ ጠይቀውኝ ሳላስረዳዎት ቀርቻለሁና አሁን ልሞክር። በእያንዳንዱ ቅጠል ውስጥ ካሳቫው እንዴት እንደሚያድግ፣ ምን ያህል እንደሚመር፣ በሽታ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ የሚያዝ ጽሑፍ አለ፤ ዘረመል ይባላል። ፊደሉ አራት ብቻ ነው፤ ርዝመቱ ግን ከሰባት መቶ ሚሊዮን ፊደል ያልፋል። ማሽኑ ቁራጭ ቁራጩን ብቻ ነው ማንበብ የሚችለው። እኛ ደግሞ ቁራጩን ከቁራጭ እንገጣጥማለን። ጥጃ የቀደደውን የመዝሙር መጽሐፍ ሰፍተው ለቄሱ የመለሱትን ያስታውሳሉ? እንደዚያ ነው፤ ገጹ ብቻ በዛ። የእርስዎ ካሳቫ ሌላው የሌለው ምን እንደተጻፈበት ካወቅን ለአገራችን ለቴሶ ብቻ ሳይሆን ለብዙ አገር እንጀራ ይሆናል።

ስለ ግንዱ፦ ይስጡ፤ ምን ያጠያይቃል? የማይበሰብስ ካሳቫ ታቅፎ መቀመጥ ለማን ይጠቅማል? አዲስ ነገር ካገኘሁ በማግስቱ እጽፍልዎታለሁ። አውቶቡሱ እንደሆነ በየቀኑ ይነሳል።

ልጅዎ ኤሳቡ


ኦጄታይ
ማርች 27 ቀን 2010

ለኤሳቡ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ሰላም መሆንህን የሚነግረኝ ደብዳቤ ግን አልመጣም። ኦሞዲንግን በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ። «ፍየሉ ገና እያመነዠከ ነው» ይለኛል።

ዝናቡ ማርች 9 ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጄ ገበያ ሆነ። ሰው መጥረቢያና ገመድ ይዞ ከጠዋት ይሰለፋል። ኤጉንዩ ከሁሉም ቀድሞ መጣና ኮፍያውን አወለቀ። በሕይወቴ ኮፍያውን ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም።

«ሜሊዳ፣ ባለፈው ዶሮህ ጓሮዬ ገባች ብለሽ የሰደብሽኝን ይቅር ብዬሻለሁ።»

«ግንድ ስለፈለግህ ነው?»

«ያለ ግንድማ ማን ይቅር ይላል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ኦጄታይ ውስጥ ሰው ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስድሳ ሦስት ቤት ሰጠሁ። በደብተር ጽፌዋለሁ፤ አንዱም ባዶ እጁን አልተመለሰም። አሞንግ ሁለት ሸክም ወስዳ ከቀረው ካሳቫዋ ጎን በመደዳ ተከለችው። ትንሿ ልጇ አሲዮ ከኋላዋ አፈሩን በእግሯ እየረገጠች ስትደለድል ብታያት! አምስት ዓመቷ ነው፤ እግሯ አንድ ቦታ አያርፍም።

እናቶች መንገድ ላይ እያስቆሙ ይመርቁኛል። ምርቃቱን ለአንተም አካፍያለሁ፤ ስጪ ያልከኝ አንተ ነህና። አሁን ጽሑፉ ምን አለ? ጻፍልኝ።

ሜሊዳ


ናይሮቢ
ሜይ 6 ቀን 2010

ለተከበሩ አክስቴ፤

በመዘግየቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ጤናዎን እመኛለሁ። ናይሮቢ ከባድ ዝናብ ይዘንባል፤ መንገዱ ሁሉ ውኃ ነው። ሥራም በጣም በዝቶብኝ ነበር።

የሚያስደስት ዜና አለኝ። ካሳቫዎ ውስጥ ከሌላ የመጣ ጽሑፍ አግኝተናል። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ሰው ካሳቫን ከዱር ዘመዱ፣ ቁመቱ ዛፍ ከሚያህለው ጋር አዳቅሎት ነበር፤ የእርስዎ ዘር የዚያ ልጅ ልጅ ነው። ሥሩ የማይበሰብሰው ከዚያ በወረሰው ነው። አለቃዬ ሰላሳ ዓመት ሲሠራ እንዲህ ያለ አላየም።

አሁን ደረቅ ቅጠል አይበቃንም። ሕያው የግንድ ጫፍ ያስፈልገናል። ፈቃዱን አውጥቻለሁ፤ ከሶሮቲ የግብርና ሠራተኛ መጥቶ ይቆርጣል። ለጊዜው ለሌላ ሰው ተጨማሪ ግንድ ባይሰጡ መልካም ነው። ሥራው እስኪጠራ ድረስ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ለአሞንግና ለልጆቿ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ልጅዎ ኤሳቡ


ኦጄታይ
ሜይ 11 ቀን 2010

ኤሳቡ፤

የግብርናው ሰውዬ መጥቶ ጫፉን ቆርጦ ሄደ። ጓንት አድርጎ ነበር። ቢላዋውን በእያንዳንዱ ግንድ መሀል በአልኮል ይጠርጋል። «የሚያመው ሰው ነው እንዴ?» ስለው መሬት መሬት አየ።

ልጅ ሳለህ እንስራዬን ሰብረህ ስመለስ ደጅ ቁጭ ብለህ «አክስቴ፣ ዛሬ ሰማዩ እንዴት ያምራል» ያልከኝን አልረሳሁም። ደብዳቤህን አነበብኩት፤ ከላይ እስከ ታች ሰማዩ ያምራል ይላል። «ሌላ ምክንያት የለውም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምክንያት አለው።

ከቅጠሌ ጀርባ ነጫጭ ትንንሽ ዝንቦች አያለሁ፤ ስነካው እንደ ዱቄት ብን ይላሉ። የአሞንግ አሮጌው ካሳቫ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው ትላለች። ከዝናቡ ብዛት ነው አልኳት። ከዝናቡ ነው?

ምን ሰበርክ? ንገረኝ።

አክስትህ


ናይሮቢ
ሴፕቴምበር 2 ቀን 2010

አክስቴ፤

ሰላምታ መጻፍ አፈርኩ።

ከቅጠሎቹ ያወጣነውን ሁሉ ስናነብ የካሳቫው ያልሆነ ሌላ ጽሑፍ አብሮ ወጣ። ሥር የሚያበሰብሰው በሽታ ራሱ ነው። በሠላሳውም ቅጠል ውስጥ አለ። ካሳቫዎ ከበሽታው አላመለጠም፤ ተሸክሞት ነው የሚኖረው። ከዱር ዘመዱ የወረሰው ጥንካሬ የራሱን ሥር ያድንለታል እንጂ በሽታውን ከውስጡ አያወጣውም። እነዚያ ነጫጭ ዝንቦች ደግሞ ከእሱ ወስደው ለጎረቤቱ ያደርሳሉ። ግንዱ የሄደበት ቤት ሁሉ በሽታው አብሮ ሄዷል።

ይህን ያወቅሁት ማርች 2 ቀን ነው። ዝናቡ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው።

አለቃዬ ደግመን ሳናረጋግጥ ወሬ አይውጣ ብሎ ነበር። ለአክስትህ አትጻፍ ግን አላለኝም። ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። «ይስጡ፤ ምን ያጠያይቃል» ብዬ በራሴ እጅ ጽፌያለሁና፣ ሁለት ቀን ልቆይ፣ ምናልባት ስህተት ይሆናል አልኩ። ሁለቱ ቀን ሳምንት ሆነ። ከዚያ ስድሳ ሦስት ቤት የሚለው ደብዳቤዎ መጣ። ከዚያ ወዲያ ብዕር ባነሳሁ ጊዜ የጻፍኩልዎ ስለ ዝናቡ ነው።

ያለው መንገድ አንድ ነው። ሁሉም መነቀልና መቃጠል አለበት፤ የእርስዎም፣ የስድሳ ሦስቱም። ከላኩልን ጫፎች በጠርሙስ ውስጥ በሙቀት እያሳደግን ንጹሕ ተክል ለማውጣት እየሞከርን ነው። ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሲመጣም በሽተኛው አጠገቡ ከቆመ ተመልሶ ይያዛል።

ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ ፊት የለኝም።

ኤሳቡ


ኦጄታይ
ሴፕቴምበር 6 ቀን 2010

ኤሳቡ፤

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ እሳት ውስጥ ከተትኩት።

ደብዳቤህ ከመድረሱ አንድ ቀን በፊት አሞንግ ዘንድ ነበርኩ። ከአሮጌው ካሳቫዋ አንዱን ቆፈረች፤ ቡሽ። ሌላውን ቆፈረች፤ ቡሽ። ባለፈው ዓመት ደህና የነበረው ግማሽ ነው ይህ። አፈሯን አራግፋ ተነሳችና እጄን ይዛ ሳመችው። «እማዬ፣ ያንቺ ግንድ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችኝ።

እጄ ላይ ነው የሳመችኝ።

ብናገር ቤቴን ያቃጥሉታል፤ ቢያቃጥሉትም አይፈረድባቸውም። ዝም ብል ዘንድሮ የእኔን ይበላሉ፤ ዙሪያው ግን እየበሰበሰ ይሄዳል። ስድሳ ሦስቱን ስም በደብተሬ አይቼ መልሼ እዘጋዋለሁ።

አንተ ና። በአፍህ ተናገር። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። ገንዘብ አልጠየቅሁህም፣ መድኃኒት አልጠየቅሁህም። አውቶቡሱ በየቀኑ ይነሳል ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ።

ሜሊዳ


ናይሮቢ
ሴፕቴምበር 24 ቀን 2010

ለተከበሩ አክስቴ፤

ለመምጣት አስቤ ነበር። ነገር ግን ተክሎቹን በጠርሙስ የምከታተለው እኔ ነኝ፤ ለአንድ ሳምንት ብለያቸው ሊበላሹ ይችላሉ፤ ያኔ ለሁላችንም ሌላ ጥፋት ነው። ደግሞም የእኔ መምጣት ሰውን የበለጠ ያስቆጣ ይሆናል ብዬ ሰጋሁ።

ስለዚህ ለሕዝቡ የሚነበብ አንድ ገጽ አዘጋጅቼ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ሁሉም ነገር በግልጽ ተብራርቷል። ማኅተምም አለበት።

ጸሎትዎ አይለየኝ።

ኤሳቡ


ኦጄታይ
ኖቬምበር 8 ቀን 2010

ኤሳቡ፤

ጸሎቴን አታንሳብኝ፤ ለራሴም አልበቃኝም።

ገጽህን ለሰው አላነበብኩትም። «በጥናቱ ውጤት መሠረት» ብሎ ይጀምራል። በጥናት ውጤት ማሳውን የሚነቅል ሰው ኦጄታይ ውስጥ የለም።

በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማንጎው ሥር ሰው ሳይበተን ቆምኩ። «የሰጠኋችሁ ግንድ በሽተኛ ነው» አልኩ። «የእኔ ካሳቫ ሥሩ አይበሰብስም፤ የሌላውን ግን ያበሰብሳል። ስሰጣችሁ አላወቅሁም። አሁን አውቄያለሁ። መነቀል አለበት።»

ኤጉንዩ ነው የተናገረው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሴፕቴምበር መጀመሪያ።»

«ዛሬ ኦክቶበር ሊያልቅ ነው።»

«ፈራሁ» አልኩት።

«እኛስ ሳንፈራ የቀረን መሰለሽ?» አለኝ። ቀልድ አልነበረም።

ከወደ ኋላ አንዲት ሴት ሞትን በሸክም ያደለችን እሷ ናት አለች። ማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ ልጇን ያዋለድኩላት ናት። ማን ነገረሽ ብለው ጠየቁኝ። ከተማ ያሉ የተማሩ ሰዎች አልኩ። ስምህን አላነሳሁም። ለምን እንዳላነሳሁ አትጠይቀኝ፤ አላውቀውም።

ከዚያ ሄጄ የራሴን መንቀል ጀመርኩ። ሰው አጥር ላይ ቆሞ ያየኛል። እስኪመሽ አንድም ሰው አላገዘኝም፤ በማግስቱ ኤጉንዩ መቆፈሪያውን ይዞ መጣና ሰላም ሳይለኝ ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረ። እርጥብ ስለሆነ እሳቱ እምቢ አለው፤ አቃጥለን ለመጨረስ አምስት ቀን ፈጀ። እስካሁን አርባ አንድ ቤት ነቅሏል። የቀሩትን የመንደሩ ሽማግሌዎች እየዞሩ ያስነቅላሉ።

አሞንግ አልነቅልም አለች። ካቴታ ድረስ ሄጄ ለመንኳት። «ስትሰጪኝም አንቺ፣ ስትነጥቂኝም አንቺ። ልጆቼን ምን ላብላቸው? እውነትሽን?» አለችኝ። በሩን አልዘጋችብኝም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሥራዋን ቀጠለች፤ ቢዘጋብኝ ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተያየንም።

ሜሊዳ


ናይሮቢ
ኤፕሪል 18 ቀን 2011

ለተከበሩ አክስቴ፤

በግብርናው ሠራተኛ እጅ አሥራ አንድ ንጹሕ ተክሎች ይደርሱዎታል። እያንዳንዳቸውን ሦስት ጊዜ መርምሬያቸዋለሁ። ምንም የለባቸውም። እስኪጸኑ ጥላ ይሥሩላቸው፤ ውኃ አይብዛባቸው።

እኔ ይዣቸው ልመጣ ነበር። ጉባኤ ስላለብን አልሆነም።

ስሜን አለማንሳትዎን አነበብኩ። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ኤሳቡ


ኦጄታይ
ማርች 19 ቀን 2012

ለወንድሜ ልጅ፤

ዓመት አልፎታል ሳልጽፍልህ። ሕይወትህ ይሰንብት።

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ጸደቁ። እንደ ጨቅላ ነው ያሳደግኋቸው። ዘንድሮ ዝናቡ ሲገባ ቆራርጬ ግንዱን ደጄ ላይ ደረደርኩት። ሰው በመንገድ ያልፋል፤ ያያል፤ ይሄዳል። ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው አላነሳም። ኤጉንዩ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ከአንቺ እጅ ወርቅ ቢሆን አይወስዱትም» አለኝ። «ወደ እኔ ደጅ እናዙረው።»

«አንተስ ከእኔ እጅ አትፈራም?»

«እኔ ምን ቀርቶኝ ነው የምታጠፊብኝ?»

በጋሪው አጓጓዘው። ከሶሮቲ የመጣ ነው አላቸው። ወሰዱ። ከማን እንደሆነ ያላወቀ ያለ አይመስለኝም፤ ግን ከእሱ እጅ ሲሆን ወሰዱ። ይውሰዱ።

ቅዳሜ ዕለት እሱ ጓዳ ዳጉሳ እያበጠርኩለት ሳለ የአሞንግን ድምፅ ሰማሁ። ከካቴታ ድረስ በእግሯ መጥታለች። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። አሲዮን አዝላታለች። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ምን ሆና ትታዘላለች አልኩ በሆዴ። እግሮቿን አየሁ። እንደ ሸምበቆ ቀጥ ብለው ተንጠልጥለዋል። ስታወርዳት ልጅቷ በጣቶቿ ጫፍ ቆመች፤ ጉልበቷ እርስ በርሱ ተጣበቀና ወደቀች። አሞንግ ሳትደናገጥ አነሳቻት። የለመደችው ነው።

አምስት ግንድ ተቀብላ ሄደች። እኔ ከጓዳ አልወጣሁም።

ከሄደች በኋላ ኤጉንዩ ነገረኝ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሊያስነቅሏት ሲመጡባት ቀድማ ሥሩን ሁሉ ቆፍራ ቤት ውስጥ ደብቃ ነበር። ደጅ ከምራ ብትሸፍነው፣ ፀሐይ ላይ ብታሰጣው ሰው ያያል። ስለዚህ ልጣ፣ አንድ ቀን ውኃ ውስጥ አቆይታ መቀቀል ጀመረች። መራራውን፣ የእኔን ካሳቫ፣ መርዙ ሳይወጣለት። ያን በጋ ሙሉ ሌላ የሚበላ አልነበራቸውም። አንድ ቀን ጠዋት አሲዮ ከመኝታዋ ልትነሳ ስትል እግሯ አልታዘዝ አላት። ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ሶሮቲ ውሰዷት ተባለ። እዚያ ወረቀት ጽፈው ሌላ ቀን ተመለሱ አሏቸው። ስንት ጊዜ ይመለሳሉ?

እውነቱን የተናገርኩት ሰው እንዳይራብ ብዬ ነበር። ባልናገር ልጅቷ ዛሬ ትሮጥ ነበር። በሰዓቱ ብንናገር ደግሞ መጀመሪያውኑ ግንዱ ካቴታ አይደርስም ነበር። ይህን አገላብጬ አገላብጬ መጨረሻው ጠፋኝ።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። እዚያ ትልልቅ ሐኪሞች አሉ። ለዚህ እግር መድኃኒት አለው ወይ ብለህ ጠይቅልኝ። ካለ ምንም ይሁን ምን፣ የቀረችኝን መሬት ሸጬ አመጣዋለሁ። ከሌለ የለም ብለህ ጻፍልኝ። እየተጠና ነው አትበለኝ። ስለ ዝናቡ አትጻፍልኝ።

አክስትህ ሜሊዳ


ናይሮቢ
ማርች 21 ቀን 2012

አክስቴ፤

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ሁለት ሐኪሞች ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ሁለቱም ያሉኝ አንድ ነው።

መድኃኒት የለውም። የተያዘው እግር አይመለስም። ከእንግዲህ በደንብ የተዘጋጀ ምግብ ከበላች አይብስባትም፤ በምርኩዝ መቆም ልትለምድ ትችላለች። ከዚህ በላይ የለም።

ለአሞንግ እርስዎ አይንገሯት። ዓርብ በሚነሳው አውቶቡስ እመጣለሁ። ከሶሮቲ በቀጥታ ካቴታ እሄዳለሁ፤ የልጇን እግርም፣ ማርች 2 ቀን የማውቀውን ሳልጽፍ መቅረቴንም የምነግራት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ከፈቀዱልኝ ወደ እርስዎ እመጣለሁ።

ኤሳቡ